ዕረፍት የሚያስነሳው ሞተር

ቮልሴ የምትቆምበት ሁኔታ ሁልጊዜ ያው ነበር። ወደ አምቦ ስሄድ ቡራዩን አልፌ ወደ ሆለታ ስቃረብ መጀመሪያ ጉልበት ያንሳታል። ነዳጅ ስጨምርላት ያንቃታል፤ ትንሽ ትንተፋተፍና ጸጥ ትላለች። ዳር አስይዤ እጠብቃለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ቁልፉን ሳዞር ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ከዚያ አዲስ ዓለም ሳንደርስ እንደገና።

መቆሟ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው መንገድ ዳር መቆም ብርቁ አይደለም። ያስጨነቀኝ መልሳ መነሳቷ ነው። የተሰበረ ነገር እስኪጠገን ድረስ እንደተሰበረ ይቆያል። ማንም ሳይነካው የሚድን ብልሽት ምን ዓይነት ብልሽት ነው? ይህን ጥያቄ ወራት ይዤው ዞሬያለሁ፤ መልሱን ካገኘሁ በኋላም አልለቀቀኝም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ባለ 1200 ሲሲ ናት። ጉልበቷ 34 ፈረስ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንኳ ከፊት። ጡረታ ከወጡ አንድ መምህር ነው የገዛኋት። ከመሸጣቸው በፊት ላሜራዋን አስቀጥቅጠው፣ ጎድጓዳውን የሚሞላ ስቱኮ አስለጥፈው፣ ሰማያዊ ቀለም አስቀብተዋት ነበርና ሳያት ዓይኔ ሌላ ነገር አላየም። የአዲስ አበባ ሰው ለቮልስ ያለውን ፍቅር ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከተማ ውስጥ፣ ከቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ገበያ ስትመላለስ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ችግሩ የሚመጣው ረጅም መንገድ ስንወጣ ብቻ ነው።

ሁሉም መድኃኒት የሠራለት በሽታ

መንገድ ዳር የቆመች ቮልስ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ትሰበስባለች፤ የማይመክር የለም። የመጀመሪያው ምክር ሙቀት ነው የሚል ነበር። «ቤንዚኑ ተኖ ነው፤ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣይበት» አለኝ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፤ ከራሱ ጀሪካን ውሃ ቀድቶም ሰጠኝ። ነገሩ መሠረት አለው። የቮልስ የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ላይ ነው የታሰረው፤ ሙቀቱን ሙሉ ለሙሉ ይቀበላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ግፊት ሲያንስ ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል፤ ቤንዚንም እንደዚያው። ቧንቧ ውስጥ የተነነ ቤንዚን አረፋ ይሆናል፤ ፈሳሽ እንዲገፋ የተሠራ ፓምፕ ደግሞ አረፋን ይጨምቀዋል እንጂ አያሻግረውም። ጨርቁን ጣልኩ፣ ጠበቅሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች።

ቀጥሎ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ካርቡራተር ቆሽሿል ተባለ። አንድ ጎበዝ ወጣት መካኒክ መንገድ ዳር ፈትቶ በቤንዚን አጠበው፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በአፉ ነፋ፣ መልሶ ገጠመው። ተነሳች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለካንዴላዎቹ የእሳት ብልጭታ የሚፈጥረው ቦቢና ነው ተባለ። ይህም ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ያረጀ ቦቢና ሲግል እሳቱን ያጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ምልክቱ ከእኔዋ ጋር አንድ ነው። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ፤ ሲቀየርም ተነሳች።

አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጨርቁ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይሄዳል። ካርቡራተር ተፈትቶ እስኪታሰር ጊዜ ይሄዳል። ቦቢና እስኪቀየርም እንዲሁ። ቮልሴ ደግሞ የምትፈልገው ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ የተደረገ ማንኛውም ነገር፣ ጸሎትም ቢሆን፣ መኪናዋን ያስነሳ ይመስላል። ምክር የሰጡኝ ሰዎች አልዋሹኝም፤ እያንዳንዳቸው መድኃኒታቸው ሲሠራ በዓይናቸው አይተዋል። በሚቀጥለው ቀን ለሌላ ሰው «እኔ አንዷን ቮልስ እንዲህ አድርጌ አስነስቻለሁ» ብለው በእርግጠኝነት ይነግሩታል። የሐሰት እውቀት የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ በቅን ሰዎች፣ በዓይን በታየ ማስረጃ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል፤ የእኔ ጉዳይ ይባስ የከፋው ባልዋለችበት ሜዳ ኩበት እየተገኘ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገጥሙ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ጠዋት በማለዳ፣ ጉም መሬት ላይ ተኝቶ፣ እጄ መሪው ላይ እየቀዘቀዘ ሳለ እዚያው ቦታ መቆሟ ነው። ይህ የቤንዚን መትነን አይደለም። ሁለተኛው የባሰ ግራ አጋባኝ። ስመለስ አትቆምም። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ባመዛኙ ሽቅብ ነው፤ ሞተሩ የበለጠ ይለፋል፤ ቢሆንም አንድም ጊዜ ሳታስቸግረኝ እገባለሁ። አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ፣ አምቦና ጉደር ስመላለስባት ቆይቼ፣ ታንኩ ከግማሽ በታች ሆኖ ነው የምመለሰው። ስሄድ ግን ማደያ ተሰልፌ አፍ እስከ ገደፉ አስሞልቼ ነው የምወጣው። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ማን በጎዶሎ ይወጣል? ሞልታ ትቆማለች፣ ጎድላ ትሄዳለች። ለሚመክረኝ ሰው ሁሉ ይህን ስናገር ሳቅ ብለው ያልፉታል።

ነገርን ከሥሩ

ያላለፉት ልደታ አካባቢ በአንድ ትንሽ ጋራዥ የሚሠሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ቮልስ ሲጠግኑ የጀመሩ ሰው ናቸው። መኪናዋን ጋራዣቸው በር ላይ አቆምኩ፤ ኮፈኗን እንኳ አልከፈቱም። ቁጭ ብለው ጠየቁኝ። ስትቆም በድንገት ነው ወይስ እየደከመች? ከመቆሟ በፊት መብራቱ ይደበዝዛል? ሲሞላ ነው ሲጎድል? ይህን የመጨረሻውን ሲጠይቁኝ ልቤ ዘለለ። እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ሲሞላ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና «ልጄ፣ አሁን ደህና ናት። ደህናን ሰው ከፍቼ ምን አገኝበታለሁ? ቆማ ሳለች ነው የምትናገረው» አሉኝ። ከዚያ ቤንዚኑ የሚሄድበትን መንገድ ካንድ ጫፍ ጀምረው አስጠኑኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለውን እሳቸው በእጃቸው ነው የሚያደርጉት።

ቤንዚኑ ከፊት ታንክ ሥር በወንፊት አልፎ ይወጣል። ከዚያ በመኪናዋ ወገብ መሐል በተዘረጋው ዋሻ ውስጥ በቀጭን የብረት ቧንቧ ወደ ኋላ ይጓዛል። ማርሽ ሳጥኑ አጠገብ የጎማ ቱቦ ይቀበለውና ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል። ፓምፑ በሞተሩ ላይ ነው፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር የሚያዞረው ዘንግ ላይ ያለች ጉብታ አንዲት ዱላ ወደ ላይ ወደ ታች ትነዳለች፤ እንቅስቃሴዋ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዱላዋ ፓምፑ ውስጥ ያለውን የጎማ ሽፋን ትስባለች፣ ስፕሪንግ መልሶ ይገፋዋል። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተር፤ እዚያ በመርፌ የሚዘጋ በር አለ፤ ተንሳፋፊው ሲሞላ ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ሌላ ምንም ነገር የለውም። ኮምፒዩተር የለም፣ ሴንሰር የለም። ችግሩ በዚህ መስመር ላይ ካለ በእጅ ይደረስበታል።

«ይህን መስመር ፓምፑ ላይ ለሁለት ክፈይው» አሉኝ። ከፓምፑ በኋላ ያለው የሚገፋ ነው፤ እዚያ ቀዳዳ ካለ ቤንዚን ይንጠባጠባል፣ ይሸታል፣ ይታያል። ከፓምፑ በፊት ያለው ግን የሚስብ ነው። ፓምፑ አጠገብ ያለችው ጎማ ብትሰነጠቅ ሳትንጠባጠብ አየር ልትስብ ትችላለች። መስመሩ አንድ ቦታ ቢዘጋም ምንም አይፈስም፤ ፓምፑ ባዶ ነገር ይጎትታል። የማይታየው ብልሽት ሁሉ ያለው በሚስበው በኩል ነው። መካኒኮች ግን ዓይናቸው የሚያርፈው ካርቡራተሩ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ነዋ፣ ኮፈኑ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

ስሰናበታቸው አንድ ነገር አጠበቁብኝ። «ስትቆም አትጠብቂ። አንድ ነገር ብቻ ንኪ፣ ወዲያው አስነሺ። ከተነሳች ያ ነው፤ ካልተነሳች ያ አይደለም። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከነካሽ ግን ምንም አታውቂም።» ክፍያ አልተቀበሉኝም።

ክዳኑ ሲከፈት

ከአክስቴ ልጅ ጋር ወጣን። ማደያ ገብቼ እስከ አፉ አስሞላሁ፤ ያን ቀን እንድትቆም ነበር የምፈልገው። ሆለታ ከመድረሳችን በፊት መንተፋተፍ ጀመረች፤ ሰፊ ዳር ፈልጌ አወጣኋት፤ ጠፋች። ሰዓት ሳላይ ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩ።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይነሳል። የዚህች ቮልስ ማጣሪያ ሥሩ ዘይት ያለው ነው፤ ሳያጋድሉ ቀጥ አድርጎ አንስቶ መሬት ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ የካርቡራተሩ ጉሮሮ ወለል ብሎ ይታያል። በጉሮሮው ጎን ወደ ውስጥ የታጠፈች፣ ከመርፌ ብዙ የማትወፍር የናስ ቱቦ አለች። ነዳጅ መስጫውን ማንሻ በጣት ሲገፉት ከዚያች ቱቦ ቀጭን የቤንዚን ክር ተወርውሮ መውጣት አለበት። ክሩ ከወጣ ካርቡራተሩ ቤንዚን አለው፤ ችግሩ እሳት ነው፣ ወደ ቦቢናና ካንዴላ ይኬዳል። ገፋሁት። ምንም። ደግሜ ገፋሁ። የቱቦዋ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረችም፤ ጉሮሮው ደርቋል። ስንት ሰው ሲመክርባት የኖረው ሙግት በአንድ ጣት አለቀ፤ ከፊት 40 ሊትር ቤንዚን ይዛ ከኋላ ተጠምታለች።

«ታንኩን!» ብዬ ተጣራሁ። የአክስቴ ልጅ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ሻንጣዎቹን ገለል አድርጎ ነበር። ክዳኑን ያዘው፣ አልዞር አለው። በሁለት እጁ ታገለው። ሲለቅ እስከ እኔ ድረስ የተሰማ ድምፅ አወጣ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ አየር ድምፅ፣ ረጅም፣ የማያቋርጥ። ከዚያ ከታንኩ ሆድ ላሜራ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚያሰማው «ጓ» የሚል ነገር ተከተለ። ልጁ ደንግጦ ክዳኑን እንደያዘ ወደ ኋላ አለ። እኔ ግን መሪው ጋ ነበርኩ። ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን ያዝኩት፤ ካርቡራተሩ ባዶ ስለሆነ ወዲያው አይነሳም፣ ፓምፑ እስኪሞላው ትንሽ መዞር አለበት። አስር ሰኮንድ ቢሆን ነው። ተነሳች።

ጨርቅ የለ፣ ማጠብ የለ፣ መጠበቅ የለ። ወደ ኋላ ተመልሼ ማንሻውን በጣቴ ገፋሁት፤ ቀጭኗ ክር ከናሱ ቱቦ ተወርውራ ጉሮሮው ውስጥ ገባች። ብዙ ነገር ሲሠራ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ክር ያስደሰተኝ ግን ትዝ አይለኝም።

ታንኩ አየር አጥቶ ነበር። ቤንዚን በወጣ ቁጥር ቦታውን የሚተካ አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየወረደ ይሄዳል፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ከአፍ ሳይለቁ ሲስቡት ጎኑ እንደሚጨማደደው ማለት ነው። ፓምፑ ትንሽ የጎማ ሽፋን ናት፤ የመሳብ አቅሟ የተወሰነ ነው። የታንኩ መሳብ ከእሷ መሳብ ጋር ሲተካከል ቤንዚኑ መሐል ላይ ይቆማል። ሞተሩ ሲጠፋ አየር በክዳኑ ጎማ ሥር ቀስ እያለ ይሾልካል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ፓምፑ እንደገና አቅም ያገኛል። ያ ነው «ዕረፍቱ»።

ሲሞላ ለምን እንደሚብስም ያኔ ገባኝ። እስከ አፉ የተሞላ ታንክ ውስጥ ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ጥቂት ነው። ከዚያ ላይ አንድ ሁለት ሊትር ቤንዚን ሲወጣ ያች ጥቂት አየር እጥፍ ድርብ ቦታ እንድትሞላ ትገደዳለች፤ ግፊቱ ባንዴ ይወርዳል። በግማሽ ታንክ ላይ ግን ብዙ አየር አለ፤ ያው አንድ ሁለት ሊትር ቢወጣ ብዙም አይሰማውም። ስመለስ የማትቆመው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥም የማትቆመው ለዚህ ነው፤ ትንሽ ተነድታ ትቆማለች፣ ቆማ ስታድር አየሯን ታገኛለች። ሰው ሁሉ ሳቅ ብሎ ያለፈው ወሬ ትልቁ ፍንጭ ነበር። ለዚህ ነው መኪና የሚያስጠግን ሰው ያየውን ሁሉ፣ ሞኝነት የሚመስለውንም ጭምር፣ መናገር አለበት የምለው፤ መካኒኩም መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

ክዳኑን ብሺው ላሉኝ

የመተንፈሻዋን መንገድ ያገኟት አዛውንቱ ናቸው። ከታንኩ አንገት ተነስታ በላሜራው በኩል ወደ ውጭ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ ናት። ጫፏ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ላዩ በሰማያዊ ቀለም አምሮ ነበር። ላሜራውን ያለሰለሰው ሰው ቀዳዳ አይቶ እንደ ጉድለት ሞልቶታል። በሽቦ ጠረጉት፣ በአየር ነፉት፣ የደረቀችውን ጎማ ቀየሩ። ሥራው በአንድ ሻይ አለቀ።

ይህን ለሰዎች ስነግር ብዙዎች «ክዳኑን በምስማር መብሳት አይቀልም?» ይሉኛል፤ ያደረጉትም አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የዚህች ቮልስ የታንክ አፍ የሚከፈተው ከፊት ኮፈን ሥር፣ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ሙሉ ታንክ ይዛችሁ ፍሬን ስትይዙ ቤንዚኑ ወደ ፊት ይናጣል፤ በቀዳዳው ወጥቶ ሻንጣችሁ ላይ ይፈስሳል፤ ትነቱም ሰው ወዳለበት ይገባል። ቱቦዋ ወደ ውጭ የተሳበችው ያለ ምክንያት አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቤንዚን ግን አፍሰው የሚለቅሙት ነገር አይደለም።

በዚያው አጋጣሚ የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ አስቀየርኩ፤ ቮልስ ያለው ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ከሆነ ይህን ይውሰድ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጎማ ነው። አሮጌዎቹ ጎማዎች የተሠሩት ኤታኖል ለሌለው ቤንዚን ነው። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ 10 በመቶ የስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ቤንዚን ላይ ሲደባለቅ ነበር፤ ኤታኖል ደግሞ አሮጌ ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፤ ውሃም ይስባል፣ ታንክ ውስጥ የተኛውን ዝገት ያነሳል። ጎማውን በጣት ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩት፤ ላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካያችሁ ነገ አትበሉ። ጎማውን የሚያጠብቀውን ፋሼታም አብራችሁ ቀይሩ።

ሌላው ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የምትቀበለው የናስ ቱቦ ናት። በግፊት ብቻ ስለገባች ከዓመታት በኋላ ትላላለች፤ አንዳንዴ ሞተሩ እየሠራ ተነቅላ ትወጣለች። ያኔ ፓምፑ ቤንዚኑን የሚረጨው ዲስትሪቢዩተሩና ሞተሩ ላይ ነው። ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጓት፤ ከተንቀሳቀሰች ሳይጠነክር አትንዱ። የቤንዚን ማጣሪያው፣ ፊልትሮ፣ ሲገጠምም ከሞተሩ በላይ፣ ዲስትሪቢዩተሩ አናት ላይ አይንጠልጠል፤ ወደ ታች፣ ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ወይም ታንኩ ሥር ይሁን። ብዙዎች ከሞተሩ በላይ የሚያንጠለጥሉት ቤንዚኑን ለማየት ስለሚመች ነው፤ ክብደቱ ጎማውን እየጎተተው መሆኑን ግን አያዩም።

አሁን አሮጌ መኪና ቀለም የምትቀቡ ባለሙያዎችን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ስቱኮ ከመለጠፋችሁ በፊት ላሜራው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ውሃ የሚወርድበት አለ፣ ሽቦ የሚያልፍበት አለ፣ ታንክ የሚተነፍስበት አለ። በጨርቅ ድፈኑ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ጨርቁን አውጡ። አዲስ ቀለም የተቀባች ቮልስ የገዛችሁም ረጅም መንገድ ላይ ከቆመችባችሁ እርጥቡን ጨርቅ ተዉት። ሰው ሲጋራ ይዞ እንዳይጠጋ አድርጉ፣ የታንኩን ክዳን ክፈቱ፣ ጆሯችሁን ጣሉ፣ ወዲያውም አስነሱ።